ዝግ ይላል

አክስቴ ሳሌሃ ቀኝ እጇ ላይ ሁለት ጣት ነው ያላት፤ አውራ ጣቷና ትንሿ። መሃል ላይ የነበሩትን ሦስቱን ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ቢያንስ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የማውቀው እንደዚያ ነበር፤ ለማንም ግን ተናግሬው አላውቅም።

እሷ ራሷ ትቀልድበታለች። እጇን ጆሮዋ ላይ ለጠፍ አድርጋ፣ «እኔ እንደሆንኩ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነኝ፤ ማን ያገኘኛል!» ትላለች። በዚህ ቀልድ ያልሳቀ የቡታጅራ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የቤት ሥራ ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ፣ ራሴን አስመዝግቤ ወልቂጤ የዲዛይን ተማሪ ሆኛለሁ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት አዲስ አበባ የስልክ መተግበሪያ ስሠራ ኖሬአለሁ። ሰው መተግበሪያው ግራ አጋብቶት ሲደውል፣ «ችግሩ የተጠቃሚው ነው» ብለን የምንሞላው ቅጽ ነበረን። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ራሱ ግራ ያጋባ ነበር፤ ለዚያ ግን ቅጽ አልነበረንም። ስድስተኛው ዓመት ላይ ደከመኝ። የሚያስተኛ ድካም ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የእኔው ግን ጠዋት ከእንቅልፍ ጋር አብሮ የሚነሳ ዓይነት ነው።

መምህራችን ክርስቲያን በመጀመሪያው ቀን «ተጠቃሚ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና፣ «በሕይወታችሁ የገጠማችሁን አንድ መጥፎ ዲዛይን ጻፉ። ሦስት ገጽ። ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሰውየው» አለን። እኔ ግን ቃሉ ላይ ቀረሁ። ተጠቃሚ። በዕቃው የሚገለገለውም ተጠቃሚ ነው፤ ጥቅም ያገኘውም ተጠቃሚ ነው። ዕቃው ለበላው ሰው የሚሆን ሌላ ቃል አላበጀንም። አክስቴም በመዝገብ የሰፈረችው በዚሁ ቃል ነው።

በ1993 ዓ.ም. ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ብሆንም ከፊደል ጋር አልተስማማንም፤ «ጸ» እና «ጰ» እኔን ሲያዩ ቦታ የሚለዋወጡ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ ደግሞ፣ ማንበብ አትችልም ብዬ ስለማምን፣ ያገኘችውን ሁሉ ለእኔ ታቀርባለች፤ የሳሙና ልባስ፣ የክኒን ብልቃጥ፣ መንገድ ዳር የቆመ አውቶቡስ። «እስቲ አንቢልኝ ባሂሬ፣ ምን ይላል?» አንድ ጊዜ ስለ ታይፎይድ የሚናገር ፖስተር ፊት ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት አቁማኛለች። ስጨርስ ሁልጊዜ የምትለኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ጎበዝ!» የአክስቴ ዓይን ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ከዚያ የበለጠ ሹመት እስካሁን አልተሾምኩም።

በዚያው ዓመት ለሰፈሩ የሴቶች ማኅበር በኤሌክትሪክ የሚሠራ የበርበሬ ወፍጮ መጣለት። ያመጣው ሰው አቶ ገሠሠ ይባላል፤ የፕሮጀክት ኃላፊ ነው። ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ መኪናው ነጭ ስለሆነ የሐኪም ዓይነት መስሎኝ ነበር። ለምረቃው ድንኳን ተተከለ፤ ለስላሳ ተከፈተ። አቶ ገሠሠ «እናቶቻችን ከዛሬ ጀምሮ ተጠቃሚ ናቸው!» ሲል ተጨበጨበ። አክስቴ ያኔ በሁለት ሙሉ እጅ ነው ያጨበጨበችው።

ወፍጮውን የተከለው አባቴ ነው። አባቴ ሙባሪክ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ሙያውን በተልእኮ ትምህርት የተማረና በዚህ የሚኮራ ሰው። የወፍጮው መቆጣጠሪያ ሳጥን ጎኑ ላይ ክንድ የሚያህል እጀታ ነበረው፤ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይሳባል። ፊቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ማንም የማያውቀው የባዕድ ቋንቋ ስለነበር፣ አባቴ በቀጭን ብሩሽና በቀይ ቀለም አማርኛውን ጻፈበት። ከላይ «ዝግ»፣ ከታች «ክፍት»። የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር። የ«ዝ»ን ጅራት እንደ ሙሽራ ቬሎ ሳብ አድርጎት ነበር።

«ሙባሪክ» አለችው ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «ምነው አብራና አጥፋ ብትለው?»

«ይሄ አምፖል አይደለም እኮ ዓለምዬ» አባቴ ሳቀ። «ትክክለኛው የሙያ ቃል ይሄ ነው። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው ያለው።»

አቶ ገሠሠ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና፣ «ማለፊያ ነው፤ ሳይንሳዊ ነው» አለ።

እኔ ሳይንሳዊ ማለት ቆንጆ ማለት መስሎኝ ከልቤ ተስማማሁ። ዓለምዘውድ ግን ለጽሑፉ ደንታም አልነበራት። ወፍጮውን የምታዘው እሷ ስትሆን፣ የምታዘውም እንደ ፈረስ ነው። እጀታውን ወደ ላይ ገፍታ «ተነስ!»፣ ወደ ታች ስባ «ተኛ!» ትለዋለች። ክፍል ውስጥ እስካሁን ከተማርኩት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ነገር ገና አላገኘሁም።

በዘጠነኛው ቀን ዓለምዘውድ ጠዋት ወፍጮውን አስነስታ፣ «ሳሌሃ፣ ዛላውን ብቻ ጨምሪለት፤ ሌላውን ሳትነኪ ጠብቂኝ» ብላ ለቅሶ ለመድረስ እንሴኖ ሄደች። አክስቴ ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ በርበሬ ስትጨምር፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሳስነጥስ፣ ወፍጮው ድንገት እንደታመመ ሰው እያቃሰተ ቆመ።

«ሄደ» አለች አክስቴ። መብራቱን ማለቷ ነው። እኛ ዘንድ መብራት እንደ ዘመድ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ መቼ እንደሆነ አይናገርም።

ዛላው እርጥበት ስለነበረው ወፍጮው አፍ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። መብራቱ ሲመጣ እንዲሁ ከተነሳ ሞተሩን ያቃጥለዋል። የማኅበሩ ብቸኛ ንብረት ነው፤ ያውም በእሷ ተራ። ሻርፗን ፈታች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። ቆም አለችና እጀታውን አየች፤ ወዴት ሲሆን እንደሚተኛ ለይታ የምታውቀው ዓለምዘውድ ብቻ ናት። አክስቴ ጥንቁቅ ሴት ነበረች። ይህን አስረግጬ የምጽፈው የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ሌላ ስለሚል ነው።

«ባሂሬ፣ ነይ እስቲ አንቢልኝ። እጀታው የቆመበት ጋ ምን ይላል?»

ሮጬ ገባሁ። ቃሏ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ያውም የማውቃቸው። «ዝ… ግ። ዝግ ይላል!»

«ጎበዝ!» አለችና እጇን አስገባች።

በጣቶቿ ስትጠርግ እርጥቡ በርበሬ ሲላቀቅ ይሰማኝ ነበር። እኔ ወደ በሩ ተመለስኩ። ከታች ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የልጆች ጩኸት ተነሳ፤ «መጣ!» ጩኸቱ ከቤት ቤት እየተቀባበለ ወደ እኛ ቀረበ። እንደማንኛውም ልጅ እኔም ዘልዬ፣ እጄን ወደ ላይ ወርውሬ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮኽኩ። «መጣ!»

ከኋላዬ ወፍጮው ተነሳ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ቀይ ነው፤ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የሰዉ ቅንድብ። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት በርበሬ መስሎኝ ነበር። አባቴ ከማዶ ካለው ሱቁ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ በረረ። እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ሳበው። ወፍጮው ዝም አለ። እኔ ቀና ብዬ ያየሁት እጀታውን ነው። ጫፉ «ክፍት» ላይ ቆሟል። ተከፈተ፣ ዝም አለ። ተዘግቶ ነበር የሚሠራው ማለት ነው? እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ ፊደሎቹ እንደ ልማዳቸው ቦታ ተለዋውጠውብኛል። «ክፍት» የሚለውን «ዝግ» ብዬ አንብቤላታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ሆስፒታል እያለች ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። አባቴ ሳጥኑ ፊት ተንበርክኳል። አሮጌውን ጽሑፍ በጋዝ አጥፍቶ አዲስ እየጻፈ ነው። ከላይ «አብራ»፣ ከታች «አጥፋ»። የዚህኛው ፊደል አያምርም።

«አባባ» አልኩት።

«ውጪ ከዚህ» አለኝ፤ ፊቱን ሳያዞር።

ገባኝ። ማለትም የገባኝ መሰለኝ። ሁሉንም ሰምቷል፤ ዝግና ክፍትን ለይታ ማንበብ ለማትችል ልጁ ሲል ቀለል ያለ ቃል እየጻፈ ነው። ፊቱንም ያላዞረው አፍሮብኝ ነው።

አክስቴ ከሆስፒታል በወጣች ሳምንት አቶ ገሠሠ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። አስቀድመው ወፍጮ ቤቱን አዩ። አቶ ገሠሠ «አብራ» የሚለውን አነበበ፤ ቀጥሎ ፊደሉን በአመልካች ጣቱ ነካ አደረገው። ጣቱ ቀላ። ጋዙ ሳይጠረግ ስለተቀባና ዝናብ ስለነበር ቀለሙ በደንብ አልደረቀም። ጣቱን እያየ ቆየና መሐረብ አውጥቶ ጠረገው፤ መሐረቡን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ ንጹሕ ሰው ነው ብዬ አደነቅኩት።

ግቢያችን ውስጥ አክስቴን ወንበር ላይ አስቀመጧት። አንደኛው ሰው መጻፊያ ይዟል።

«እጀታው ላይ የተጻፈውን አይተዋል?» አላት አቶ ገሠሠ። አንቱ ያላት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

አክስቴ አባቴን አየችው። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ወደ እኔ፣ እዚያ አጥሩ ጋ ጥፍሬን ወደምበላው ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ይል እንደነበር ያስታውሳሉ?» ደገመ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ» አለች። «አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሰውየው በእፎይታ ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበው። «አደጋው የደረሰው በተጠቃሚዋ የጥንቃቄ ጉድለትና ማንበብ ባለመቻል ነው።» ከዚያ የግራ አውራ ጣቷን ይዞ ወይን ጠጅ ቀለም ውስጥ ነከረና ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ጂቪ፣ ያ ቁስል ላይ የሚቀባው ወይን ጠጅ መድኃኒት፣ መሰለኝ። ደህናው እጅ በበሽተኛው እንዳይያዝ አስቀድመው እየቀቡላት ነው ብዬ አመንኩ። ሲሄዱ ምርቃት ሁሉ መርቄአቸዋለሁ።

ከዚያ ሁሉ የገባኝ ግን ይሄ ነው፦ አክስቴ አላጋለጠችኝም። በእኔ ፋንታ ጥፋተኛ ሆናለች። በዚያው ሰሞን በግድግዳው በኩል የአባቴን ለቅሶ ሰማሁ፤ «ልክ ነበር እኮ ሳሌሃ! ወላሂ ልክ ነበር!» ይላል። እሷም «ዝም በል፣ ልጅቷ ትሰማለች» አለችው። ልጅቷ እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩም ስለ እኔ ነው። ማን ሊያሳምነኝ ይችላል?

አባቴ ከዚያ በኋላ ሶኬት እንኳ ነክቶ አያውቅም። ሱቁን የባልዲና የጀሪካን መሸጫ አደረገው። እኔም በበኩሌ ድምፅ አውጥቼ ማንበብ ተውኩ። ሁለተኛ ክፍልን ደገምኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ጽሑፌን ጓደኛዬ ታነብልኝ ነበር፤ ጉሮሮዬን ያመኛል እላለሁ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋን የሚያማት ሰው ታውቃላችሁ? ማንም አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ባለፈው ወር፣ ወልቂጤ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነን። አስረስ የሚባለው ቴክኒሻን ሁለት ሽቦ፣ አንድ ባትሪና አንድ ትንሽ አምፖል ሰጠኝ።

«ሽቦው ሲለያይ ሰርኪዩቱ፣ የኤሌክትሪኩ መንገድ ማለት ነው፣ ክፍት ነው እንላለን፤ ምንም አያልፍም» አለ። «አሁን አገናኚው። ይኸው፣ ዝግ ሆነ። ዝግ ሲሆን ነው የሚሠራው።»

አምፖሉ በራ። እኔ ተቀመጥኩ።

«ምነው?» አለ አስረስ ደንግጦ። «ነዘረሽ?»

«አዎ» አልኩት።

የቤት ሥራውን በዚያው ቀን ጻፍኩት። ቅዳሜ ሦስቱን ገጽ ይዤ ቡታጅራ ገባሁ። ከመናኸሪያው በባጃጅ ስሄድ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ አክስቴ ፊት ቆሜ፣ ልክ ነው ያነበብኩልሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ግን ልክ ነው ያነበብኩልሽ ልላት። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እሱን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል።

አክስቴ በረንዳው ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች። በሁለት ጣት እኔ በአሥሩ ከምቀነጥሰው ትፈጥናለች። ሰላምታችንን ስንጨርስ፣ «ይሄን ያዢልኝ» ብዬ ወረቀቱን ሰጥቻት እጄን ልታጠብ ጓሮ ዞርኩ። ስመለስ ወረቀቱን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ይዛዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይወርድና እንደገና ከግራ ይጀምራል።

«አክስቴ?»

«ቆይ፣ አታቋርጪኝ።» መስመሩን ጨረሰች። «እዚህ ጋ ውሸት ጽፈሻል። ‹ማንበብ የማትችለው አክስቴ›። ማን ነው የማይችለው? እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከቀበሌው አንደኛ የወጣሁ ሰው!»

ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ነበር የምታስነብቢኝ?»

«መምህርሽ ልትወድቅ ነው ብሎ ልኮብን ነዋ። ተለማመጂ ቢሉሽ እምቢ አልሽ። አንቢልኝ ስልሽ ግን እንደ ሚዳቋ ነበር የምትሮጪው።»

«የዚያን ቀንስ?»

«አንቺን ሳልጠራ አንብቤዋለሁ። ዝግ ይላል። ዝግ ነው። አንቺ ባትኖሪም እጄ ይገባ ነበር።» ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ዛላው ከእጇ ወደቀ። «ያ ረቢ! አንቺ፣ እኔ ነኝ ብለሽ ነው? ሃያ አራት ዓመት ሙሉ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አንቺ ሞኝ!» አለች፤ ባለ ሁለት ጣት እጇን ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። በርበሬው አቃጠለኝ። «ረስተሽዋል ብዬ ነበር እኮ። ልጅ ይረሳል ይሉኛል።»

«ለእነሱ ለምን ማንበብ አልችልም አልሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል? አነበብኩ ካልኩ፣ ምን አነበብሽ ሊሉኝ ነው። ዝግ ካልኩ፣ ማን ጻፈው ሊሉኝ ነው። ወንድሜን ልክሰሰው? ጣቶቹ ሄደዋል፤ ሰውየው ይቅር?» ዛላውን ከመሬት አነሳች። «ያ ገሠሠ የምትሉት ደግሞ ያውቅ ነበር። አፉን የዘጋው እሱም ሳይንሳዊ ነው ብሎ ስለነበር ነው። አንድ ነገር ብቻ እስከዛሬ አልገባኝም። ሙባሪክ ቂል አልነበረም። እንዴት ዝግ ብሎ ይጽፋል? እስኪሞት ልክ ነበርኩ እንዳለኝ ነው።»

ነገርኳት። ሽቦውን፣ ባትሪውን፣ አምፖሉን። የበርበሬ ዘንጎች ደርድሬ መሬት ላይ አሳየኋት። ሲገናኙ ዝግ ይባላል፤ ያኔ ነው የሚሠራው። ዘንጎቹን በጣቷ አንዴ አለያየቻቸው፣ አንዴ አገናኘቻቸው።

«ልክ ነበር ማለት ነው?»

«ለኤሌክትሪኩ ልክ ነበር።»

«ታዲያ ለኤሌክትሪኩ ነው እንዴ የጻፈው?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ከምር ነው የጠየቀችኝ። ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አላውቅም። «ምስኪን። እኔ እኮ ሰበብ የሚያበዛ መስሎኝ፣ እሺ እሺ እለው ነበር።»

ስሙን ጽፌው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለሙያው ብቻ እንዳልኩ ነገርኳት። «ባለሙያ ነበር» አለች፤ በቃ። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብላኝ፣ በአውራ ጣቷና በትንሿ ጣቷ ጨብጣ፣ «ማንበብ የማትችለው» የሚለውን ሰረዘችው። ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«ዓይኔ ደከመኝ። እስቲ አንቢልኝ ባሂሬ፣ ምን ይላል?»

ጉሮሮዬን ያመኛል ልል ነበር። አላልኩም። ጀመርኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ፊደሎቹም በየቦታቸው ናቸው። ወፍጮው የቆመበት፣ እጅጌዋን የሰበሰበችበት ቦታ ስደርስ፣ ከታች ሰፈር የልጆች ጩኸት ተነሳ።

«መጣ!»

አክስቴ እጇን ከበርበሬው ውስጥ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሳየው የእኔም እጅ ደረቴ ላይ ነው። ጩኸቱ በቤታችን በኩል አልፎ እስኪሄድ ሁለታችንም እንደዚያው ቆየን። ውስጥ ቤት ማቀዝቀዣው ማንኮራፋት ጀመረ።

«ቀጥይ» አለችኝ፣ እጇን ቀስ ብላ ወደ በርበሬው እየመለሰች። «እጀታው የቆመበት ጋ ምን ይላል?»

«ዝግ ይላል» አልኳት።

«ጎበዝ።»